ሶስቱም መልስ ያሳልፋል፣ ግን ጦርነቱን ያመጣው የቱ ነው?

ጥያቄው ይሄ ነበር፤ "ሰላም ለሁላችሁ። ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና እያጠናሁ ነው። በ2008ቱ ፈተና ካሉት መቶ ጥያቄዎች አንዱ ወደ ሲቪል ዋር (የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት) ካመሩት ችግሮች አንዱን ጥቀስ ይላል። መልስ ተብሎ የተቀመጠው ሶስት ነው፣ ባርነት፣ የኢኮኖሚ ምክንያት፣ የስቴቶች መብት። አብሮኝ የሚሰራ ሚሲሲፒ ተወልዶ ያደገ ሰውዬ አለ፣ ባርነት ሰበብ ነው እንጂ ነገሩ የታክስና የስቴቶች መብት ነው፣ ሊንከን ራሱ ለባሪያዎቹ ግድ አልነበረውም ይለኛል። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ።"

ወንድሜ፣ እኔ ይሄን ታሪክ እዚሁ ቨርጂኒያ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ፣ ያንተን ጥያቄ የሚያነሳ ተማሪ ደሞ በየሴሚስተሩ አይጠፋም፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ለፈተናው ከሆነ አትጨነቅ፣ ከሶስቱ አንዱን ካልክ ኦፊሰሩ ትክክል ብሎ ያልፋል። ግን ሶስቱ ጎን ለጎን የሚቆሙ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ኢኮኖሚው የተባለው የባርነት ኢኮኖሚ ነው፣ መብት የተባለውም ሰውን በባርነት የመያዝ መብት ነው። ወረቀቱ ላይ ሶስት ሆኖ ሲታይ ነው ሰው ግራ የሚጋባው።

ከመጀመሬ በፊት፣ ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሌላው ደሞ ባሪያ የሚለው ቃል እኛ ጋ እስከዛሬ ሰው የሚሰደብበት ቃል ስለሆነ የግድ ካልሆነብኝ አልጠቀመውም፣ ቢረዝምም በባርነት የተያዙ ሰዎች እላለሁ።

ባልደረባህ ሁለት ጥያቄ ነው ቀላቅሎ የነገረህ። አንዱ ደቡቦቹ ለምን ተገነጠሉ የሚለው ነው፣ ሌላው ሰሜኑ ለምን ተዋጋ የሚለው ነው፣ የሁለቱ መልስ ደሞ አንድ አይደለም። ሰሜኑ ጦርነት ሲገባ ባርነትን ላጥፋ ብሎ አልተነሳም፣ አገሪቱ እንዳትከፈል ብሎ ነው፣ እዚህ ጋ ሰውየው ልክ ነው። ግን ደቡብ ባይገነጠል ጦርነት የሚባል ነገር የለም፣ ደቡብ የተገነጠለው ደሞ በባርነት ምክንያት ነው፣ ይሄን ያልኩት እኔ ሳልሆን ራሳቸው ናቸው፣ ጽፈው ፈርመው አስቀምጠውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊንከን በኖቬምበር 1860 ተመረጠ፣ ከህዝቡ ድምጽ ያገኘው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ በአብዛኛው ደቡብ ውስጥ ጭራሽ የድምጽ መስጫ ወረቀት ላይ ስሙ እንኳን አልነበረም። ፕሮግራሙ ባርነት ባለበት ይቆይ፣ ወደ አዲሶቹ የምዕራብ ግዛቶች ግን አይስፋፋ የሚል ነበር። ይሄን ያህል ብቻ ነው ያለው። ዲሴምበር 20 ላይ ሳውዝ ካሮላይና ወጣች፣ ሚሲሲፒ፣ ፍሎሪዳ፣ አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ሉዊዚያናና ቴክሳስ ተከተሉ። ሊንከን ማርች 4 ቀን 1861 ቃለ መሃላ ሲፈጽም ሰባቱም ሄደዋል፣ ገና አንድ ትዕዛዝ እንኳን ሳይፈርም ማለት ነው። ኤፕሪል 12 ተገንጣዮቹ ቻርልስተን ወደብ ላይ ያለውን የፌደራል ምሽግ ፎርት ሰምተርን ደበደቡ፣ ሊንከን ጦር ሲጠራ ቨርጂኒያን ጨምሮ ሌሎች አራት ወጡና 11 ሆኑ።

አሁን፣ ከነዚህ ውስጥ አራቱ ለምን እንደወጡ ለዓለም የሚያስረዳ ረዘም ያለ ጽሁፍ አወጡ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ሚሲሲፒ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስ። የሳውዝ ካሮላይናው ዲሴምበር 24 የወጣ ነው፣ ተማሪዎቼን ሁሌ መጀመሪያ የማስነብባቸው እሱን ነው። ታክስ የሚል ቅሬታ የለበትም። ያለው ባርነት የሌለባቸው ስቴቶች በባርነት ላይ ጥላቻቸው እየጨመረ ነው፣ ያመለጡትን ሰዎቻችንን አይመልሱልንም፣ አሁን ደሞ አመለካከቱ ለባርነት ጠላት የሆነ ሰው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ የሚል ነው። የቴክሳሱ ይብሳል፣ እነዚህን መንግስታት ነጮች ለራሳቸው ብቻ ያቋቋሟቸው ናቸው፣ የአፍሪካ ዘር የበታች ነው ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ለሚዛን ያህል፣ የጆርጂያው ስለ መርከብ ንግድና ስለ መንግስት ድጎማ የተወሰነ ያወራል፣ የቴክሳሱም ድንበር ላይ ከአገሩ ነባር ህዝቦች ከኢንዲያኖች አልተጠበቅንም ይላል፣ ግን ሁለቱም መሃሉን ይዞ የሚሄደው ባርነት ነው። የሚሲሲፒውን አሁን ዘልዬዋለሁ፣ ባልደረባህ የዚያ አገር ሰው ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የስቴቶች መብት የሚለውን እንየው። ሰው እንደዚህ ሲልህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፣ ምን የማድረግ መብት? ምክንያቱም በ1850ዎቹ ስቴቶች በራሳችን ጉዳይ ራሳችን እንወስን ሲሉ የነበሩት ሰሜኖቹ ናቸው፣ በፌደራል መንግስት ጉልበት ይሄን የደፈጠጡት ደቡቦቹ ናቸው። በ1850 ኮንግረሱ ያመለጡ ሰዎችን የማስመለስ ህግ አወጣ። አንድ ሰው ከሜሪላንድ አምልጦ ማሳቹሴትስ ገብቶ ስራ ይዞ ትዳር መስርቶ ቢኖር፣ ጌታው ነኝ ባይ መጥቶ የኔ ነው ቢል፣ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር የሚባል ሹም ነው፣ ዳኞች ተሰይመው ምስክር ተሰምቶ አይደለም፣ የተያዘው ሰው ራሱ ቃሉን መስጠት አይፈቀድለትም። እና ክፍያውን ልብ በል፣ ኮሚሽነሩ ሰውየውን ይመለስ ብሎ ከፈረደ 10 ዶላር፣ ነጻ ነው ካለ 5 ዶላር ያገኛል። ወረቀት ስለሚበዛ ነው ይሉ ነበር። መንገድ ላይ ያለ ተራ ሰው ሳይቀር እርዳ ከተባለ መርዳት ግዴታው ነው፣ ካልረዳ ይቀጣል። ሰሜኖቹ ስቴቶች ይሄን ለመመከት የራሳቸውን ህግ ሲያወጡ ነው ደቡቦቹ ህገ መንግስት ተጣሰ ብለው የጮሁት።

ኒውዮርክንም ውሰድ። በ1852 ባልና ሚስት ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ ሲሄዱ መርከብ ለመቀየር ኒውዮርክ አረፉ፣ ስምንት በባርነት የተያዙ ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ። የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በዚህ ስቴት ባርነት የለም ብሎ ስምንቱንም በነጻ አሰናበታቸው። ሳውዝ ካሮላይና ከመገንጠያ ምክንያቶቿ መሃል ይሄንንም ጽፋለች፣ ኒውዮርክ ማሳለፍ እንኳን ከለከለችን ብላ። ኒውዮርክ በራሷ መሬት ላይ የራሷን ህግ ማስከበሯ የስቴት መብት ካልሆነ ምኑ ነው የስቴት መብት? ደሞ ተገንጥለው የራሳቸውን ህገ መንግስት ሲጽፉ፣ በሰው ላይ ያለን የባለቤትነት መብት የሚነካ ህግ ኮንግረሱ እንዳያወጣ ከለከሉ፣ ከአንዱ ስቴት ወደሌላው ሰዎቹን ይዞ የመግባት መብትም በዚያው አስገቡ። በዚህ ጉዳይ ላይ ለስቴቶቹ ምርጫ አልተውላቸውም።

ታክሱን ባጭሩ ልለፈው፣ ብዙም የሚያቆም ነገር የለውም። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ታሪፍ በእርግጥ የቆየ ጸብ ነበረው፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሳውዝ ካሮላይና በሱ ምክንያት አምጻ ታውቃለች። ግን በ1857 የወጣው ታሪፍ በብዙ ዓመታት ውስጥ ዝቅተኛው ነበር፣ የደቡብ ተወካዮችም ደግፈውት ነው የጸደቀው። ከፍ ያለው ታሪፍ የተፈረመው ማርች 2 ቀን 1861 ነው፣ ያውም በሊንከን ሳይሆን ከሱ በፊት በነበረው በቡካናን፣ ሊያልፍ የቻለውም የደቡብ ሴኔተሮች ወንበራቸውን ጥለው ስለወጡ ነው። ከወጡ በኋላ የመጣ ነገር ያስወጣቸው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ኢኮኖሚ የሚለው ግን ሰፊ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እዚሁ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ከሆነ ወይ ለእንጀራ ወይ ለዘመድ ጥየቃ ብቅ ካልክ፣ ዱክ ስትሪት ቁጥር 1315 ላይ ሶስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። ብዙ ያገራችን ሰው በየቀኑ በሱ በኩል እየነዳ ያልፋል፣ እኔም ለዓመታት ሳላውቀው አልፌዋለሁ። ከ1828 ጀምሮ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ሁለት ነጋዴዎች ቢሮ ነበር፣ በጊዜው ከአሜሪካ ትልቁ ሰው የመሸጥ ንግድ ነው። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ እርሻዎች ሰው ይገዛሉ፣ በግንብ በታጠረው ግቢ ያጉራሉ፣ ከዚያ በራሳቸው መርከብ ወደ ኒውኦርሊንስ፣ ወይም እጃቸውን በሰንሰለት አቆራኝተው በእግር ናቸዝ ሚሲሲፒ ድረስ ይነዷቸዋል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው በዚያ ቤት ያለፈው። ዛሬ ሙዚየም ነው። የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቼን ይዤ ስገባ አንዲት ልጅ ግድግዳውን በእጇ ነክታ ዝም ብላ ቆመች፣ እኔም ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ትቼ አብሬያት ቆምኩ።

ይሄ ንግድ ለምን ኖረ ካልክ መልሱ ጥጥ ነው። በ1793 ኤላይ ዊትኒ ጥጡን ከፍሬው የሚለይ መዳመጫ ማሽን ሰራ። ከዚያ በፊት በባርነት የተያዘው ሰው በ1790 ቆጠራ 700 ሺህ ገደማ ነበር፣ በ1860 4 ሚሊዮን ደረሰ፣ ከአገሪቱ ህዝብ ከስምንቱ አንዱ ማለት ነው። ከአፍሪካ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ በህግ ስለተከለከለ የጥጡ ምድር ሰው የሚያገኘው ከላይኛው ደቡብ፣ ከነቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ እየገዛ ነው፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው በዚህ መንገድ ከቤተሰቡ ተነጥሎ ወደታች ተወስዷል። ጥጥ ከአሜሪካ ኤክስፖርት ከግማሽ በላይ ሆነ። በጦርነቱ ዋዜማ አንድ ጠንካራ ወጣት ወንድ ኒውኦርሊንስ ላይ 1500 ዶላርና ከዚያም በላይ ይሸጥ ነበር፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት የሰሜን ተራ ወታደር ደሞዝ በወር 13 ዶላር ነበር፣ የአንድ ሰው ዋጋ የወታደሩ የዘጠኝ ዓመት ተኩል ደሞዝ ነው። በጠቅላላ ሲደመር በባርነት የተያዙት ሰዎች የተተመነባቸው ዋጋ 3 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል፣ ያገሪቱ ባቡርና ፋብሪካ በአንድ ላይ ከሚያወጣው ይበልጣል። እና የኢኮኖሚ ምክንያት ነው የሚልህ ሰው ተሳስቷል አልልህም፣ ግን ሀብቱ ምን እንደነበር አብሮ ይንገርህ። ሀብቱ ሰው ነው።

ታዲያ ሊንከን ባለበት ይቆይ ካለ ለምን ደነገጡ? ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባርነት የሚኖረው እየሰፋ ከሄደ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጥጥ መሬቱን ያደክማል፣ የሰዎቹም ዋጋ የሚጠበቀው አዲስ ገዢ ሲኖር ነው፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ሴኔት አለ። እያንዳንዱ ስቴት ትንሽም ይሁን ትልቅ ሁለት ሴኔተር ስላለው አዲስ የሚገባ ስቴት ሁሉ ለሁለቱ ወገን የሞት ሽረት ነው። በ1820 ሚዙሪን ባርነት ያለበት፣ ሜይንን የሌለበት አድርገው አቻችለው ካርታው ላይ ከሱ በስተሰሜን ባርነት የማይገባበት መስመር አሰመሩ። ከዚያ ከ1846 እስከ 1848 ከሜክሲኮ ጋር ተዋግተው ካሊፎርኒያን ጨምሮ ሰፊ አገር ወሰዱና ጥያቄው እንደ አዲስ ፈነዳ፣ ይሄ መሬት የማን ይሁን? በ1854 የካንሳስን ጉዳይ ሰፋሪው በድምጽ ይወስን ተብሎ የድሮው መስመር ተሻረ፣ ሁለቱም ወገን መሳሪያ የታጠቀ ሰፋሪ እየላከ ካንሳስ ላይ ሰው መገዳደል ጀመረ፣ ከትልቁ ጦርነት ዓመታት ቀድሞ። በ1857 ደሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻነቱን ለማግኘት በከሰሰው በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፣ ኮንግረስም ባርነትን ከግዛቶቹ መከልከል አይችልም ብሎ ፈረደ። በ1860 ባርነት የሌለባቸው ስቴቶች 18፣ ያለባቸው 15 ሆኑ። ደቡቦቹ የቆጠሩት ይሄን ነው።

እዚህ ጋ ለኛ ሰው የምትሆን አንዲት ነገር ላስገባ። በዚያ የሜክሲኮ ጦርነት ዊሊያም ሎሪንግ የሚባል መኮንን ግራ እጁን አጣ። ጦርነቱ ያመጣው የመሬት ጥያቄ አገሩን ሲከፍላት ከደቡብ ጋ ወግኖ የኮንፌደሬት (የተገንጣዮቹ ስቴቶች መንግስት) ጄኔራል ሆነ፣ ተሸነፈ። በጦርነቱ ወቅት የሰሜን መርከቦች የደቡብን ወደቦች ስለዘጉ የዓለም የጥጥ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ግብጽ በጥጥ ሽያጭ ከበረች፣ የግብጽ ገዢ ኬዲቭ ኢስማኤልም በዚያ ገንዘብና በብድር ጦር ሲያደራጅ ስራ ያጡ የአሜሪካ መኮንኖችን ከሁለቱም ወገን ቀጠረ። ሎሪንግ በማርች 1876 ጉራ ላይ ከአጼ ዮሐንስ ጦር ፊት ለፊት ከተሰለፈው የግብጽ ሰራዊት አዛዦች አንዱ ነበር፣ እዚያም ተሸነፈ። የአሜሪካ ጥጥ ጉዳይ ጉራ ሜዳ ድረስ ነው የደረሰው።

አብዛኛው የደቡብ ወታደር እኮ ባሪያ አልነበረውም የሚል ክርክርም ይመጣብሃል። እውነት ነው፣ በ11ዱ ስቴቶች ሰው በባርነት የያዘው ነጭ ቤተሰብ ሲሶ ገደማ ነው፣ ሚሲሲፒና ሳውዝ ካሮላይና ግን ወደ ግማሽ ይጠጋል። የሌለው ደሃም ቢሆን ነገ ይኖረኛል ይላል፣ ካለውም ይከራያል፣ ጥቁሩ ነጻ ከወጣ ደሞ እኔና እሱ እኩል ልንሆን ነው የሚለው ፍርሃት ነበር። የሳውዝ ካሮላይና ህዝብ ከግማሽ በላይ በባርነት የተያዘ ነበር፣ ያን ፍርሃት ፖለቲከኞቹ በደንብ ተጠቅመውበታል።

ወደ ሊንከን ልምጣ፣ ባልደረባህ ግማሽ እውነት የያዘው እዚህ ላይ ነው። ሊንከን ባርነትን በግሉ ይጠላ ነበር፣ ስልጣን ሲይዝ ግን ባለበት አልነካውም ብሎ ነው የገባው፣ ኮንግረስ ያኔ ያሳለፈውን ባርነትን ለዘለዓለም ከፌደራል መንግስት የሚከላከል የህገ መንግስት ማሻሻያ እንኳን አልቃወምም ብሏል። አስበው፣ ይሄ ሁሉ ቀርቦላቸው አልተመለሱም። በኦገስት 1862 ለጋዜጣ አዘጋጁ ለሆራስ ግሪሊ አንድም ሰው ነጻ ሳላወጣ ህብረቱን ማዳን ብችል አደርገዋለሁ ብሎ ጻፈ፣ ሰው ሁሌ የሚጠቅስልህ ይቺን ነው። የማይነግሩህ ግን ያን ደብዳቤ ሲጽፍ በተገነጠሉት ስቴቶች በባርነት የተያዙትን ነጻ የሚያወጣው የነጻነት አዋጅ ረቂቅ ተጽፎ አልቆ፣ ጁላይ 22 ለሚኒስትሮቹ አንብቦላቸው፣ ጠረጴዛው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 አዋጁ ጸና፣ ባርነትን በመላ አገሪቱ ያገደው 13ኛው የህገ መንግስት ማሻሻያ በዲሴምበር 1865 ጨረሰው።

ሊንከንን ወደዚያ የገፋው ደሞ ልቡ ብቻ አይደለም። ሜይ 23 ቀን 1861 የቨርጂኒያ ሰው ለመገንጠል ድምጽ ሰጠ። በዚያው ሌሊት ፍራንክ ቤከር፣ ጄምስ ታውንሰንድና ሼፐርድ ማሎሪ የሚባሉ ሶስት ሰዎች ለኮንፌደሬት ጦር ምሽግ እንዲቆፍሩ ከተወሰዱበት ጠፍተው በጀልባ ቀዝፈው በሰሜን ጦር ወደተያዘው ፎርት ሞንሮ ገቡ። በማግስቱ አንድ የኮንፌደሬት ሻለቃ ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣ፣ በ1850ው ህግ መሰረት ሰዎቻችንን መልሱልን አለ። አዛዡ ጄኔራል በትለር ጠበቃ ነበር፣ እናንተ የሌላ አገር ሰዎች ነን ብላችሁ የለ፣ የኛ ህግ ለሌላ አገር አይሰራም፣ ለጠላት ጦር ሲሰሩ ስለነበር እንደ ጦር ምርኮ ይዣቸዋለሁ አለው። ወሬው ተሰማ፣ በቀናት ውስጥ ሌሎች በደርዘን መጡ፣ ከዚያ በመቶ፣ ከዚያ በሺህ፣ በመጨረሻ 180 ሺህ ገደማ ጥቁር ወታደር ለሰሜን ተዋጋ። ሊንከን ከመፈረሙ በፊት ሰዎቹ በእግራቸው ጉዳዩን ወስነውታል። ፎርት ሞንሮ ያለበት ቦታ ደሞ በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ቨርጂኒያ ሲደርሱ የወረዱበት ቦታ ነው። ከ242 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ በወረቀት ካለ የታክሱ ወሬ ከየት መጣ? ከሽንፈቱ በኋላ ነው። የኮንፌደሬት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ማርች 21 ቀን 1861 ሳቫና ላይ ተነስቶ አዲሱ መንግስታችን የቆመበት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ሰው ከነጭ እኩል አይደለም፣ ባርነት ተፈጥሯዊ ቦታው ነው የሚለው እውነት ነው አለ። ግንበኞች የናቁት ድንጋይ የማዕዘን ራስ ሆነ የሚለውን ቃል እንኳን ለዚህ ጠቅሷል፣ ዳዊት የደገመ ሰው ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አንተ ታውቃለህ። ከ600 ሺህ በላይ ወታደር አልቆ ባርነት ከጠፋ በኋላ ግን ያው ሰውዬ ቁጭ ብሎ ጦርነቱ ስለ ህገ መንግስት አተረጓጎም ነበር የሚል ጽሁፍ ጻፈ። ፕሬዚዳንታቸው ጄፈርሰን ዴቪስም እንደዚያው። ባርነት አሳፋሪ ሲሆን ምክንያቱ ተቀየረ፣ ያ ወሬ በትምህርት ቤት መጽሃፍና በሃውልት ለትውልድ ተላለፈ። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ታክሲ የነዳ ያገራችን ሰው ሩት ዋን የሚባለውን መንገድ ጄፈርሰን ዴቪስ ሃይዌይ ብሎ ነው የሚያውቀው፣ በ2019 ነው ሪችመንድ ሃይዌይ የተባለው። ባልደረባህ ውሸታም ነው እያልኩህ አይደለም፣ እሱም የተማረውን ነው የነገረህ።

እንግዲህ ኢንተርቪው ላይ ስሌቨሪ (ባርነት) ብለህ መልስ፣ አጭርም ነው ለመጥራትም ይቀላል። ሰውየውን ደሞ አትጣላው፣ በ1861 ሚሲሲፒ ያወጣችውን ጽሁፍ ስልክህ ላይ ከፍተህ ስጠውና ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ውስጥ ያለውን ራሱ ያንብብልህ፣ አቋማችን ከባርነት ስርዓት ጋር ሙሉ በሙሉ የተሳሰረ ነው፣ እሱም በዓለም ካለ ቁሳዊ ጥቅም ሁሉ ትልቁ ነው ይላል።